ከአገራቸው የቀደሙ ስምንት ቴምብሮች

ሐምሌ 22 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 29 ቀን 1971፣ ባንግላዴሽ የምትባል አገር የመጀመሪያዎቹን ስምንት ቴምብሮቿን አወጣች። እንግዳው ነገር ምን መሰላችሁ? በዚያን ቀን ባንግላዴሽን አገር ናት ብሎ የተቀበለ አንድም መንግሥት አልነበረም። ዋና ከተማዋ ዳካ በፓኪስታን ጦር እጅ ነበረች። የመንግሥቷ መሪዎች ሕንድ ውስጥ፣ ካልካታ ከተማ፣ በስደት ተቀምጠዋል። ፕሬዚዳንቷ የተባለው ሰው ደግሞ ምዕራብ ፓኪስታን ውስጥ ታስሯል። የራሷ ገንዘብ እንኳ የላትም። ቴምብር ግን አላት።

ጦርነት ላይ ያለ ሕዝብ ጥይት፣ እህል፣ መድኃኒት ቢፈልግ ይገባናል። ቴምብር ምን ያደርግለታል? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ቴምብር ራሱ ምን እንደሆነ ማየት አለብን። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደረሰኝ ነው፣ ግን የሚያምነው ይፈልጋል

ቴምብር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሥዕሉ ነው፤ አንበሳው፣ ንጉሡ፣ አበባው፣ ወፉ። ሥዕሉን ለጊዜው እንርሳውና ሥራውን እንይ። ቴምብር ደረሰኝ ነው። «የዚህ ደብዳቤ የመንገድ ሒሳብ ተከፍሏል፣ አድርሱት» ይላል፤ በቃ። ፖስታ ቤቱ ማኅተም ሲመታበት ደግሞ ደረሰኙ ሥራ ላይ ዋለ፣ ሁለተኛ አይሠራም ማለት ነው።

አገር ውስጥ ይሄ ቀላል ነው፤ ቴምብሩን የሸጠውም ደብዳቤውን የሚያደርሰውም አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ጉዳዩ የሚወሳሰበው ደብዳቤው ድንበር ሲሻገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቶኪዮ የሚሄድ ደብዳቤ አስቡ። ገንዘቡን የተቀበለው የኢትዮጵያ ፖስታ ነው፤ በር አንኳኩቶ የሚያደርሰው ግን የጃፓን ፖስታኛ ነው። ጃፓናዊው የማያውቀውን ወረቀት አይቶ ለምን ይደክማል?

የሚደክመው በስምምነት ነው። በ1874 የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በርን፣ ስዊዘርላንድ ያለው የዓለም ፖስታ ኅብረት ለአባል አገሮቹ አንድ ቀላል ሐሳብ አቀረበ፦ አንተ የሸጥከውን ቴምብር ገንዘብ አንተው ያዝ፣ እኔ ደብዳቤህን በነፃ አደርሳለሁ፤ ነገ ደግሞ አንተ የእኔን ታደርሳለህ። ወደ መቶ ዓመት ገደማ የዓለም ደብዳቤ በዚህ መተማመን ነው የተንቀሳቀሰው። ቴምብሩ የማይታወቅ ወይም ዋጋው የጎደለ ከሆነ ደብዳቤው ላይ የላቲኑ ቲ ፊደል ይመታበታል፤ ያኔ ጉድለቱንና ቅጣቱን የሚከፍለው ምስኪኑ ተቀባይ ነው።

ይሄ ለእኛም አገር እንግዳ ታሪክ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ ነው ያሳተሙት፤ ከፊሎቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ ከፊሎቹ ላይ አንበሳው አለ። ሆኖም ኢትዮጵያ የፖስታ ኅብረቱ አባል ስላልነበረች ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ ጅቡቲ ሲደርስ ሌላ፣ ማለትም የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ያስፈልገው ነበር። አንድ ፖስታ ላይ የሁለት መንግሥት ቴምብር ጎን ለጎን ተለጥፎ የምታዩት ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ኅብረቱ የገባችው በ1908 ነው። ዓድዋ ላይ በጦር ካሸነፈች በኋላ እንኳ ቴምብሯ ብቻውን ባሕር ለመሻገር 12 ዓመት ጠብቋል።

እንግዲህ ነፃ አገር የሆነችው ኢትዮጵያ እንኳ ይህን ያህል ከጠበቀች፣ ማንም ያላወቃት ባንግላዴሽ ቴምብሯ እንደማይሻገር አታውቅም ነበር? በደንብ ታውቅ ነበር።

ጠቡ ራሱ ቴምብር ላይ ነበረ

ወደኋላ ትንሽ እንመለስ። እንግሊዝ በ1947 ሕንድን ለቃ ስትወጣ ፓኪስታን የምትባል አዲስ አገር ተፈጠረች። ሁለት ክፍል ነበራት፤ ምዕራብና ምሥራቅ። በመካከላቸው 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሕንድ ምድር አለ። ሁለቱን ያገናኛቸው ሃይማኖት ነው፤ ቋንቋቸው ይለያያል። ብዙው ሕዝብ የሚኖረው በምሥራቁ ሲሆን የሚናገረውም ቤንጋሊ ነው። ሥልጣኑና ጦሩ ግን በአመዛኙ በምዕራቡ እጅ ነበር።

አዲሲቱ ፓኪስታን ገና የራሷ ቴምብር አልነበራትም። ስለዚህ የእንግሊዙን ንጉሥ የጆርጅ ስድስተኛን መልክ የያዙትን የሕንድ ቴምብሮች ወስዳ በላያቸው ላይ «ፓኪስታን» የሚል ቃል አሳተመችባቸው። አንዳንዱ በማተሚያ ቤት በንጽሕና ተሠራ፣ አንዳንዱ ደግሞ በየፖስታ ቤቱ በእጅ ማኅተም ተመታ። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

በጁላይ 1948 ፓኪስታን የነፃነት መታሰቢያ ቴምብሮቿን አወጣች። «መታሰቢያ» ሲባል ከመደበኛው ቴምብር ይለያል፤ መደበኛው ለዓመታት ሳይቋረጥ ይታተማል፣ መታሰቢያው ግን ለአንድ በዓል ወይም ለአንድ ሰው ክብር ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይወጣል። እነዚያ የ1948 ቴምብሮች የሚያማምሩ ናቸው፤ የካራቺ አየር ማረፊያ፣ የላሆር ምሽግ በር፣ ጨረቃና ኮከብ። ጽሑፋቸው በኡርዱና በእንግሊዝኛ ነው። ቤንጋሊ የለም።

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላችኋል? እስኪ በራሳችሁ አስቡት። ነፃ ወጣችሁ ተባለ፣ ደስ ብሏችሁ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ፣ የገዛችሁት ቴምብር የፈረንጁን ፊደል ይዟል፣ የሌላውን ክፍለ አገር ፊደል ይዟል፣ የእናንተን ግን አልያዘም። የዳካ ተማሪዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ካነሷቸው ቅሬታዎች መካከል ይሄ ይገኛል፦ ቋንቋችን ከገንዘቡ ላይ፣ ከቴምብሩ ላይ ለምን ጠፋ? በማርች 1948 የአገሪቱ መሥራች መሐመድ አሊ ጂናህ ራሱ ዳካ መጥቶ የፓኪስታን የመንግሥት ቋንቋ ኡርዱ ብቻ እንደሚሆን ተናገረ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ፖሊስ ለቋንቋቸው የወጡ ሰልፈኞች ላይ ተኮሰ፤ ተማሪዎች ሞቱ። ዛሬ ዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ የሚያከብረው ያንን ቀን ነው። በ1956 ቤንጋሊ በሕገ መንግሥት እውቅና አገኘ፤ ቴምብሩም ላይ ገባ። ቁስሉ ግን አልሻረም።

በዲሴምበር 1970 አጠቃላይ ምርጫ ተደረገ። ለምሥራቅ ፓኪስታን ከተመደቡት 169 መቀመጫዎች 167ቱን የሼክ ሙጂቡር ራህማን ፓርቲ አዋሚ ሊግ አሸነፈ። ምሥራቁ ብዙ ሕዝብ ስላለው ይህ ብቻውን በመላው ፓኪስታን ምክር ቤት አብላጫ ይሰጠዋል። ወታደራዊው መሪ ያህያ ካን ግን ምክር ቤቱ እንዳይሰበሰብ አደረገ። ማርች 25 ቀን 1971 ሌሊት ጦሩ ዳካ ላይ ዘመተ፤ ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች አንዱ ዩኒቨርሲቲው ነበር። ተማሪዎችና መምህራን ባሉበት ተገደሉ። ሙጂብ ተያዘ። ነፃነት ታወጀ፣ ጦርነቱ ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ወደ ሕንድ ተሰደደ።

ለንደን የተሳሉ ቴምብሮች

የቴምብሩ ሥራ የተሠራው ከጦርነቱ ርቆ፣ እንግሊዝ አገር ነው። ጆን ስቶንሃውስ የሚባል የእንግሊዝ የፓርላማ አባል ነበር፤ ቀደም ሲል የአገሩ የፖስታ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው፤ ቴምብር ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ያውቃል። እሱ ነው ቢማን ማሊክን የጠየቀው። ማሊክ እንግሊዝ የሚኖር ቤንጋላዊ ሠዓሊ ሲሆን በ1969 ለእንግሊዝ ፖስታ የማሕተመ ጋንዲን የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ ቴምብር የሠራ ሰው ነው። (ስለ ስቶንሃውስ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም፤ ይኸው ሰው በ1974 ልብሱን ማያሚ የባሕር ዳርቻ ላይ ጥሎ ሰምጦ የሞተ አስመስሎ ጠፋ፣ ከወር በኋላ አውስትራሊያ ውስጥ በሕይወት ተገኘ። የኛ ጉዳይ አይደለም፣ ግን ታሪክ እንዲህ ያሉ ሰዎችንም ይዛ ትመጣለች።)

ማሊክ ፊት የቀረበው ጥያቄ ከባድ ነው። የሌለችን አገር ቴምብር እንዴት ትስላለህ? ብዙ አዲስ አገሮች መንገዳቸው የታወቀ ነበር። ጋና በማርች 1957 ነፃ ስትወጣ የክዋሜ ንክሩማን መልክ፣ የአፍሪካን ካርታና የሚበር ወፍ አወጣች፤ ደስ የሚል የበዓል ቴምብር። ማሊክ ግን በዓል አልነበረውም። ስለዚህ ቴምብሮቹን እንደ ክርክር አድርጎ ደረደራቸው። በየተራ እንያቸው፤ ዋጋቸው ከትንሽ ወደ ትልቅ ነው።

10 ፓይሳው ካርታ ነው። አገሪቱ ያለችው እዚህ ጋ ነው ይላል፤ ለብዙ የውጭ ሰው ይህ ራሱ አዲስ መረጃ ነበር። 20 ፓይሳው የዳካ ዩኒቨርሲቲ ጭፍጨፋ ነው። ሕንፃ አልሳለም፣ ሬሳ አልሳለም፤ እንደ ደም የተረጨ ቀይ ቀለምና ቀኑን የሚናገር ጽሑፍ ብቻ። 50 ፓይሳው 75 ሚሊዮን ሕዝብ ይላል። 1 ሩፒው ሰንደቅ ዓላማው ነው፤ አረንጓዴ መደብ፣ ቀይ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ቢጫ የአገሪቱ ካርታ። ዛሬ የባንግላዴሽን ባንዲራ ብታዩ ካርታው የለም፤ በጃንዋሪ 1972 ተነሥቷል። ቴምብሩ ግን የጦርነቱን ጊዜ ባንዲራ እንደነበረ ይዞት ቀርቷል።

2 ሩፒው ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው ነው። የምርጫ ሳጥንና ውጤቱን ያሳያል፦ ከ169 መቀመጫ 167። ቴምብር ላይ ጀግና፣ ድል፣ ሰማዕት ይሳላል፤ የምርጫ ቁጥር የሚጽፍ ማን አለ? ማሊክ የጻፈበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ዓለም «እነዚህ አማፂ ናቸው» ቢል፣ ቴምብሩ «አይደለም፣ ድምፅ ሰጥተን ያሸነፍነው እኛ ነን» ብሎ ይመልሳል። 3 ሩፒው የተበጠሰ ሰንሰለት ነው፤ በኤፕሪል 10 ቀን 1971 የወጣውን የነፃነት አዋጅ ያስታውሳል። 5 ሩፒው የሙጂብ ምስል ነው፤ በእስር ላይ ያለ ሰው በየአገሩ እየተዘዋወረ ማለት ነው። የመጨረሻው፣ 10 ሩፒው፣ አንድ ነገር ብቻ ይለምናል፦ ባንግላዴሽን ደግፉ።

እነዚህን ስምንቱን አንድ ላይ ስታነቡ መታሰቢያ ናቸው ለማለት ይከብዳል፤ መታሰቢያ ያለፈን ያስታውሳል፣ እነዚህ ግን ግማሹን ገና ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርገው ይናገራሉ። አጣዳፊነቱ ዝርዝሩ ላይም ይታያል። የአገሪቱ ስም በላቲን ፊደል በሁለት ቃል ተነጣጥሎ ተጽፏል፤ ዛሬ እንደምናውቀው አንድ ላይ አይደለም። ዋጋቸው በሩፒ ነው፣ በጠላት አገር ገንዘብ መጠሪያ፤ ታካ የሚባለው የባንግላዴሽ ገንዘብ የመጣው በ1972 ነውና። ከእንግሊዝኛው ጎን ግን ቤንጋሊው አለ። በ1948 የጠፋው ፊደል እዚህ ጋ ማንም ሳይጠይቀው ቦታውን ይዟል።

ታዲያ ሠሩ?

ቴምብሮቹ ጁላይ 26 ለንደን ውስጥ በእንግሊዝ ፓርላማ ሕንፃ ለጋዜጠኞች ቀረቡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ወጡ። ከዚያ ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ኦገስት 1፣ ኒውዮርክ ላይ ራቪ ሻንካርና ጆርጅ ሃሪሰን ያዘጋጁት ታላቁ የባንግላዴሽ ኮንሰርት ተካሄደ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ስሟን ሰማ።

እንደ ፖስታ ብቻ ከለካናቸው ብዙ አልሄዱም። ታጋዮቹ ነፃ ባወጧቸው አካባቢዎች የመስክ ፖስታ ቤቶች ተከፍተው ቴምብሮቹ ተሸጠውባቸዋል፣ ማኅተምም ተመቶባቸዋል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ፖስታ ቤት ከፍቶ ማኅተም የሚመታ ወገን «እዚህ መሬት ላይ መንግሥቱ እኔ ነኝ» እያለ ነው። ከዚያ ውጭ ግን የዓለም ፖስታ ኅብረት የሚያውቃት አባል ፓኪስታን ናት።

ብልሃቱ ሌላ ቦታ ነው። ቴምብር ሰብሳቢ ቴምብር ሲገዛ ደብዳቤ አይልክበትም፤ አልበሙ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሻጩ መንግሥት የማድረስ ግዴታ የለበትም፤ ከማሳተሚያው ወጪ በስተቀር ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይተርፋል። ዋጋቸውን መለስ ብላችሁ እዩ፤ 10 ሩፒው የትንሹን ቴምብር መቶ እጥፍ ነው፣ የስምንቱ ድምር 21 ሩፒ ከ80 ፓይሳ። ተራ ደብዳቤ ለመላክ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ከሰብሳቢዎች ለሚመጣ ገቢ ግን ይረዳል። በዚያ ላይ የገዛው ሰው ስምንቱንም ማንበቡ አይቀርም፤ ሰብሳቢ በማጉያ መነፅር የሚያይ ፍጡር ነው። በራሪ ወረቀት ይጣላል፤ ቴምብር ግን አይጣልም፣ ተጠንቅቆ ይቀመጣል፣ ለእንግዳ ይታያል።

ዲሴምበር 6 ቀን 1971 ቡታንና ሕንድ ለባንግላዴሽ እውቅና ሰጡ። ዲሴምበር 16 የፓኪስታን ጦር ዳካ ላይ እጁን ሰጠ። ከአራት ቀን በኋላ ከስምንቱ ቴምብሮች ከፊሎቹ አገር ውስጥ ለሽያጭ ቀረቡ፤ በላያቸው ላይ አገሪቱ ነፃ መውጣቷን የሚገልጽ ጽሑፍ በቤንጋሊና በእንግሊዝኛ ተጨምሮባቸዋል። ለንደን ላይ ልመና የነበረው ወረቀት እዚህ የምር ቴምብር ሆነ።

ግን ስምንት ዓይነት ቴምብር ለ75 ሚሊዮን ሰው አይበቃም። ፖስታ ቤቶቹ ካዝና ውስጥ ያለው በሙሉ የፓኪስታን ቴምብር ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ አይጠብቅም፣ በተለይ ከጦርነት በኋላ፤ ማን እንደተረፈ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ምን ይደረግ? ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ተደገመ። የየከተማው ፖስታ ቤት የራሱን የጎማ ማኅተም እያስቀረጸ በፓኪስታን ቴምብሮች ላይ «ባንግላዴሽ» እያለ መታባቸው። ፓኪስታን ከ24 ዓመት በፊት በእንግሊዙ ንጉሥ ፊት ላይ ያደረገችውን አሁን ባንግላዴሽ በፓኪስታን ስም ላይ አደረገችው። አንዱ በጥቁር፣ አንዱ በወይን ጠጅ፣ አንዱ በቤንጋሊ፣ አንዱ በሁለቱም ቋንቋ፣ አንዱ ተዘቅዝቆ፤ ሁለት ከተሞች አንድ ዓይነት ማኅተም አልነበራቸውም። ይህ ሁኔታ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። ለሰብሳቢዎች ዛሬም ራስ ምታት ነው፤ የጎማ ማኅተም ማንም ሊያስቀርጽ ስለሚችል ሐሰተኛው ከእውነተኛው በቀላሉ አይለይም። ጠቃሚው ምልክት ብዙ ጊዜ ቴምብሩ ሳይሆን የተለጠፈበት ፖስታ ነው፦ ከየት ተላከ፣ ቀኑ ይገጥማል ወይ፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ቴምብሩንም ፖስታውንም አንድ ላይ ነክቷል ወይ።

ከነፃነት በኋላ አገሪቱ ያወጣችው የመጀመሪያ አዲስ ቴምብር ዋጋው 20 ፓይሳ ነው፤ ቀኑ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1972። የጦር ሜዳ ወይም የመሪ ምስል የለበትም። ያለበት ሻሂድ ሚናር ነው፣ በ1952 ለቋንቋቸው የሞቱት ተማሪዎች ሐውልት። በ1973 ባንግላዴሽ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች፤ ከዚያ በኋላ የተለጠፈው ቴምብሯ ያለ ቅጣት ማንኛውም አባል አገር ይደርሳል። ጁላይ 29 ደግሞ እዚያ አገር የቴምብር ቀን ሆኖ ይከበራል።